ከቴሌግራፍ እስከ ሐዋላ፦ ዌስተርን ዩኒየን አዲስ ቴክኖሎጂ ሲመጣበት ምን አደረገ?

ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ገንዘብ የተላከለት ሰው አካሄዱን ያውቀዋል። እህት ወይም ወንድም ደውሎ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር ያስጽፋል። ተቀባዩ ቁጥሩን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ፣ መታወቂያውን በኪሱ ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ ፎርም ይሞላል፤ ወረፋ ይጠብቃል። ከመስኮቱ አጠገብ ቢጫና ጥቁር ምልክት ተለጥፏል። አብዛኞቻችን ዌስተርን ዩኒየንን የምናውቀው በዚህ ነው።

ኩባንያው ግን ገንዘብ ለመላክ የተቋቋመ አይደለም። በ1851 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ሲመሠረት ሥራው ቴሌግራፍ ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ የጫንነውን ቴሌግራም ማለታችን አይደለም። በሽቦ የሚተላለፍ፣ በቃላቱ ብዛት የሚከፈልበት አጭር መልእክት ነበር። አሁን የምናውቀውን ስሙን ያገኘው በ1856 ሲሆን፣ የመጨረሻውን ቴሌግራም ያስተላለፈው ብዙም ሳይርቅ በጥር 2006 ነው።

ከ170 ዓመት በላይ የቆየ ኩባንያ ሥራውን ከሥሩ የሚነቅል ቴክኖሎጂ ከአንድ ጊዜ በላይ ይገጥመዋል። ዌስተርን ዩኒየን አንዱን ፈተና ተሸንፎ፣ ከሽንፈቱ በአጋጣሚ ተርፎ፣ አሁን በሁለተኛው መሐል ይገኛል። ይህ ሁለተኛው ፈተና ደግሞ የአሜሪካ ባለ አክሲዮኖች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዐረብ አገር የምትሠራ እህታችን ከላከችው ላይ ስንት ተቆርጦ እናቷ እጅ እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነው።

ስልኩ ሲመጣ

ዌስተርን ዩኒየን ራሱ የጀመረው ሌሎችን ከገበያ በማስወጣት ነበር። በጥቅምት 1861 የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኘውን የቴሌግራፍ መስመር አጠናቀቀ። እስከዚያ ድረስ ደብዳቤ በፈረስ እየተቀባበለ በአሥር ቀን ያህል ያደርስ የነበረው ፖኒ ኤክስፕረስ የተባለ ድርጅት በቀናት ውስጥ ሥራውን ማቆሙን አሳወቀ። ድርጅቱ ከተጀመረ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ተራው የእሱ ሆነ። በመጋቢት 1876 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክ ፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አገኘ። የቤል ሰዎች መብቱን በ100 ሺህ ዶላር ለዌስተርን ዩኒየን ሊሸጡ ፈልገው፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዊሊያም ኦርተን አልፈልግም አለ እየተባለ ይተረካል። ሽያጩ በእርግጥ ቀርቦ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። ታሪኩ ግን በየንግድ ትምህርት ቤቱ የአለቆችን ዓይነ ስውርነት ለማሳየት ይነገራል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይህ አነጋገር ፍትሕ ይጎድለዋል። የዌስተርን ዩኒየን ደንበኞች እነማን እንደነበሩ እንይ። የባቡር ኩባንያዎች፣ ጋዜጦች፣ የእህልና የጥጥ ነጋዴዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። መልእክቱ ሩቅ አገር እንዲደርስ፣ ከደረሰ በኋላም በጽሑፍ ማስረጃ እንዲኖረው። የ1876ቱ ስልክ ሁለቱንም አይችልም። ድምፁ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይደክማል፤ የተባለው ነገርም በወረቀት አይቀርም። ለኩባንያው ምርጥ ደንበኞች ይህ መጫወቻ ነበር።

ደግሞም ኩባንያው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1877 መጨረሻ የራሱን የስልክ ድርጅት አቋቋመ። ቶማስ ኤዲሰን የሠራለት የካርቦን ማይክሮፎን ከቤል መሣሪያ ይልቅ ድምፅን አጉልቶና አርቆ ያስተላልፍ ነበር። ገንዘብ፣ ሽቦና በየከተማው ቢሮ ስላለው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በ55 ከተሞች 56 ሺህ ያህል ስልኮች ዘረጋ። ሊያሸንፍ የሚችል ይመስል ነበር።

ታዲያ ለምን ተወው? ቤል በፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስተምራል። ጄይ ጉልድ የተባለ በአክሲዮን ጨዋታ የታወቀ ባለ ሀብት በዚያው ወቅት ተፎካካሪ የቴሌግራፍ ድርጅት አቋቁሞ ዌስተርን ዩኒየንን ያጠቃው ነበር። አለቆቹ በሁለት ግንባር መዋጋት አልፈለጉም። በኅዳር 1879 ከቤል ጋር ተስማሙ። ዌስተርን ዩኒየን ስልኩን ትቶ ለ17 ዓመት ከስልክ ኪራይ ገቢ 20 በመቶ ይቀበላል፤ ቤል ደግሞ ቴሌግራፍ ውስጥ አይገባም። በዚያን ቀን ሒሳብ ብልህ ውል ነበር። ትልቁና አትራፊው ሥራ ተጠብቋል፤ ከትንሹም ሥራ ያለ ድካም ገንዘብ ይገባል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1909 የቤል ኩባንያ ወራሽ የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ የዌስተርን ዩኒየንን የመቆጣጠሪያ አክሲዮን ገዛው። በ1913 የመንግሥት ጫና ሲበረታበት ነው የለቀቀው።

ክሪስተንሰን ምን አለ?

የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ክሌይተን ክሪስተንሰን በ1997 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ነገር አብራርቶታል። እሱ በዋናነት ያጠናው የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ዲስክ የሚሠሩ ኩባንያዎችን ነው፤ ሐሳቡ ግን ለቴሌግራፉም ይስማማል። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ነባር ኩባንያዎች የሚወድቁት አለቆቻቸው ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። ጥሩ አለቃ ማድረግ ያለበትን ስላደረጉ ነው። ምርጥ ደንበኞቻቸውን ያዳምጣሉ፤ ብዙ ትርፍ ያለበት ቦታ ላይ ገንዘባቸውን ያፈሳሉ። ገበያውን የሚያናጋው ቴክኖሎጂ ደግሞ ሲጀመር ከነባሩ ይልቅ ደካማ፣ ርካሽና ትርፉ ትንሽ ነው። የሚገዛውም ነባሩ ኩባንያ የማይፈልገው ደንበኛ ነው። ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ሄዶ አንድ ቀን ለምርጦቹ ደንበኞችም ይበቃል። ያኔ ነባሩ ይነቃል፤ ግን ረፍዷል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ትችት ቀርቧል። የታሪክ ምሁሯ ጂል ለፖር በ2014 ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ክሪስተንሰን ለሐሳቡ የሚመቹትን ምሳሌዎች መርጧል፣ ጠፉ ካላቸው ኩባንያዎችም አንዳንዶቹ አልጠፉም ስትል ሞግታለች። ትክክል የሆነችበት ብዙ ነገር አለ። ቢሆንም ነባር ድርጅት የራሱን ትርፍ በራሱ እጅ መቁረጥ እንደሚከብደው ማንም የሱቅ ባለቤት ያውቃል።

ሳተላይት ያመጠቀው፣ በሐዋላ የተረፈው

የቴሌግራም ዘመን ወዲያው አልጨለመም። በ1929 የተላከው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የረጅም ርቀት ስልክ እየረከሰ፣ የአየር ፖስታ እየፈጠነ ሄደ። ዌስተርን ዩኒየን በዚህ ጊዜ አዲስ ነገር አልሞከረም ማለት አይቻልም። ለቢሮዎች የፋክስ መሣሪያ አከፋፈለ። የቴሌክስ አገልግሎት አስፋፋ። በ1974 ዌስታር 1 የተባለውን የአሜሪካ የመጀመሪያ የአገር ውስጥ የንግድ መገናኛ ሳተላይት አመጠቀ። በ1982 ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ግን በብድር ነበር። ኩባንያው ራሱን የሚያየው እንደ መልእክት አስተላላፊ በመሆኑ፣ አዲስ የሚጨምረው ነገር ሁሉ ሌላ የመልእክት ማስተላለፊያ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ከስልክ ኩባንያዎቹ ጋር ይጋጫል። ዕዳው ከበደው። ሳተላይቶቹን ሸጠ፤ በ1990 የንግድ መልእክት ክፍሉን ለኤቲ ኤንድ ቲ በ180 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። ይህ ያው ስልክ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ የመጣው። ከዚያ ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን ቀይሮ ኪሳራ ውስጥ ገባ። በ1994 ከፍርስራሹ ውስጥ ዋጋ ያለው አንድ ነገር ተገኘ። የገንዘብ መላኪያው ክፍል ከነስሙ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ።

ያ ክፍል በ1871 የተጀመረ ጎን ለጎን ሥራ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ላኪው አንዱ ቢሮ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቴሌግራፈኛው የሚስጥር ቃል ጨምሮ ለሌላው ቢሮ መልእክት ይልካል፤ ያ ቢሮ ከራሱ ካዝና ለተቀባዩ ይከፍላል። ብሩ ከቦታው አልተነሳም፤ የተጓዘው ቃሉ ነው። ሒሳቡ በኋላ ይተሳሰባል። በዐረብ፣ በሕንድና በምሥራቅ አፍሪካ ነጋዴዎች ዘንድ ለዘመናት ሲሠራበት የኖረው ሐዋላም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ በቴሌግራፍ ፋንታ ደብዳቤና መተማመን መኖሩ ነው። በአማርኛ ከውጭ የሚላክ ገንዘብን ሁሉ፣ በባንክ የመጣውንም ቢሆን፣ ሐዋላ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሚገርመው ሳተላይቱ ያላዳነውን ኩባንያ ያዳነው ይህ አሮጌ ሥራ መሆኑ ነው። ስደተኛው በበዛበት፣ ባንክ ሒሳብ የሌለው ሰው ባልጠፋበት ዓለም፣ በየሱቁና በየፋርማሲው ወኪል ያለው ድርጅት ተፈላጊ ሆነ። ወኪሎቹ ከጊዜ በኋላ ከ200 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ደረሱ።

ሁለተኛው ፈተና፦ ስልኩ እንደገና

በ2010 ለንደን ውስጥ ወርልድ ሬሚት ተቋቋመ። መሥራቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጦርነት ሸሽቶ ከሶማሌላንድ የወጣው ኢስማኢል አሕመድ ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት የገንዘብ ዝውውር ባለሙያ ነበር። ሐሳቡ ላኪው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወኪል ቤት እንዳይሄድ፣ ከባንክ ሒሳቡ ወይም ከካርዱ በቀጥታ በስልኩ እንዲልክ ነበር። ተቀባዩም እንደ ኤም-ፔሳ ባለ የስልክ ቦርሳ ይቀበላል። በላኪው በኩል ጥሬ ገንዘብ ስለማይነካ ሕገ ወጥ ገንዘብን መቆጣጠር ይቀላል፤ ለወኪል የሚከፈል ኮሚሽንም ይቀራል። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ትራንስፈርዋይዝ፣ በሲያትል ሬሚትሊ ተከተሉ።

የክሪስተንሰን አካሄድ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መተግበሪያው ሲጀመር የሚያገለግለው የባንክ ሒሳብና ዘመናዊ ስልክ ላለው ላኪ ብቻ ነበር። የዌስተርን ዩኒየን ዋነኛ ደንበኛ ደግሞ ደመወዙን በእጁ የሚቀበል ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አደጋው ሩቅ ይመስላል።

ኩባንያው በኢንተርኔት መላክን የጀመረው ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ በ2000 ነው። በ2011ም ለዲጂታል ሥራው ብቻ በሳን ፍራንሲስኮ የተለየ ቢሮ ከፈተ። ችግሩ ዕውቀት አልነበረም፤ ዋጋው ነው። በኢንተርኔት የሚላከውን ቢያረክስ መስኮት ላይ ብዙ የሚከፍለው ደንበኛ ወደዚያ ይሸሻል፤ ወኪሎችም ኮሚሽናቸው ስለሚቀንስ ያኮርፋሉ። ባያረክስ ደግሞ መተግበሪያዎቹ ደንበኛውን ይወስዱታል። በጥቅምት 2012 መጨረሻ ኩባንያው በአንዳንድ መስመሮች ዋጋ እንደሚቀንስና የትርፍ ትንበያውን ዝቅ እንዳደረገ ሲያስታውቅ፣ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ዋጋውን አጣ። ለደንበኛው የሚበጀውን ለማድረግ የሞከረ አለቃ በባለ አክሲዮኑ ሲቀጣ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በሌላ በኩል ኩባንያው ለዓመታት የተመካበት መከላከያ አለ። ከወኪሎቹ ጋር ብቸኝነት የሚባል ውል ይፈራረም ነበር፤ የእኔን ገንዘብ የምትከፍል ከሆነ የተፎካካሪዬን አትክፈል የሚል። አፍሪካ ውስጥ ይህ ክፉኛ ጎድቷል። አንድ ትልቅ ባንክ ወይም ፖስታ ቤት በዚህ ውል ከታሰረ ገጠር ላለው ተቀባይ ሌላ አማራጭ አይኖረውም። ናይጄሪያን የመሳሰሉ አገሮች በሕግ ከለከሉት።

አዲሶቹ ተፎካካሪዎች የሚገጥማቸው ሌላ እንቅፋትም አለ፤ ባንክ ማጣት። በ2013 የብሪታንያው ባርክሌይስ ባንክ የበርካታ ገንዘብ አስተላላፊዎችን ሒሳብ እዘጋለሁ ሲል፣ በ1970 ቡርዖ ውስጥ የተመሠረተው ዳሃብሺል ጭምር ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር ጊዜያዊ እግድ ያገኘው። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የቁጥጥር ሥጋት ነው። በዚያው መመዘኛ ግዙፉ ዌስተርን ዩኒየንም ንጹሕ አልነበረም። ሕገ ወጥ ዝውውርን በአግባቡ ባለመቆጣጠሩ ጥፋቱን አምኖ በ2017 ለአሜሪካ መንግሥት 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ትልቁ ከፍሎ ይቀጥላል፤ ትንሹ ሒሳቡ ከተዘጋ ግን ያበቃለታል።

ቧንቧውን ማከራየት

ለእኛ አንባቢዎች የሚቀርበው ምላሽ የሳዑዲው ነው። የሳዑዲ ቴሌኮም በ2018 ኤስቲሲ ፔይ የተባለ የስልክ ቦርሳ ጀመረ። ሠራተኛው በወኪል ቤት ሳይሰለፍ ከስልኩ ወደ አገሩ መላክ ቻለ። ዌስተርን ዩኒየን ሊዋጋው ይችል ነበር። እሱ ግን በ2020 መጨረሻ የኤስቲሲ ፔይን 15 በመቶ ድርሻ በ200 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በዚያ ቦርሳ የሚላከው ዓለም አቀፍ ገንዘብም በዌስተርን ዩኒየን መስመር ይተላለፍ ነበር። ሪያድ ያለችው እህት አዲስ መተግበሪያ የተጠቀመች ይመስላታል፤ ከሥሩ ያለው ቧንቧ ያው የጥንቱ ነው።

ይህ ከ1879ኙ ውል ጋር ይመሳሰላል፤ ከተፎካካሪው ገቢ ድርሻ መቀበል። ልዩነቱ በዚህኛው ኩባንያው ከሜዳው አልወጣም። በእኔ ግምት ከወሰዳቸው እርምጃዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው፤ ቢሆንም ቁልቁለቱን አላስቆመለትም። በ2014 ወደ 5.6 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ገቢው በ2024 ወደ 4.2 ቢሊዮን ወርዷል።

ከዚህ ፉክክር ላኪው አትርፏል፤ ግን ከሚገባው በታች። በዓለም ባንክ ስሌት 200 ዶላር ለመላክ በ2009 በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይከፈል ነበር፤ አሁን ከ6 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች 8 በመቶ አካባቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2030 እንዲደረስበት ያስቀመጠው ግብ ከ3 በመቶ በታች ነው። እዚህ ላይ ላኪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የመላኪያው ዋጋ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ደረሰኙ ላይ የሚታየው ክፍያ፣ ሌላው በምንዛሪው ዋጋ ውስጥ የተደበቀው ትርፍ። «ያለ ክፍያ ይላኩ» የሚለው ማስታወቂያ ስለ ሁለተኛው ዝም ይላል። ስለዚህ ከመላክ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህን ያህል ሪያል ብከፍል እዚያ ስንት ብር ይደርሳል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ሌላ መልክም አለው። ለረጅም ዓመታት በባንክና በጥቁር ገበያ ምንዛሪ መካከል የነበረው ክፍተት ከማንኛውም መተግበሪያ ይልቅ ላኪውን ከሕጋዊው መስመር አስወጥቶታል። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላም ባንኮች ዶላሩን ለመሳብ ለሐዋላ ተቀባዮች ሽልማትና ዕጣ ማዘጋጀታቸውን ቀጥለዋል። በግንቦት 2021 ቴሌብር፣ በነሐሴ 2023 ደግሞ ኤም-ፔሳ ሥራ ሲጀምሩ፣ ነባር የተባሉት የእኛው ባንኮች ሆኑ። ገንዘቡ በቀጥታ ስልክ ላይ ከገባ ተቀባዩ ወደ ቅርንጫፋቸው የሚመጣበት ምክንያት ያንሳል።

ዌስተርን ዩኒየን ደግሞ በጥቅምት 2025 ሌላ ዕቅድ ይፋ አድርጓል። ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተደረገ፣ ስቴብልኮይን የሚባል ዲጂታል ገንዘብ በ2026 አወጣለሁ ብሏል። ዲጂታሉን ዶላር ወደ ጥሬ ገንዘብ ለመመንዘር የታሰቡት ደግሞ እነዚያው በየአገሩ ያሉት ወኪሎች ናቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ በ2022 በአገሪቱ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕጋዊ እንዳልሆነ አሳስቦ ነበር። ስለዚህ ደሴ ወይም ጅማ ያለው ተቀባይ ለጊዜው ያው አሥር አሃዙን ቁጥር ይዞ መስኮቱ ጋ ይቆማል።